ሬንጁ ይለቃል፣ ቀለሙ ግን አይመለስም



ዛሬ የምናገረው መኪና ላይ ስለሚለጠፍ ሬንጅና የጎማ ጥቁር ጭረት ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው አስፋልት አካባቢያችንን ላንቴን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሙዛችን የሚወጣው፣ ሸቀጣችን የሚገባው፣ ልጆቻችን እንጀራቸውን የሚያገኙት በዚሁ መንገድ በሚመላለስ መኪና ነው። አንድ ኢሱዙ ወይም አንድ ባጃጅ ለስንት ቤተሰብ ጓዳ እንደሆነ እናንተ ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ።

ነገሬን ከመጀመሪያው ልናገር። ብዙ ጊዜ ሬንጅ በነካው ቦታ ላይ የምናየው የደበዘዘ፣ የተፋቀ፣ የተላጠ ቀለም ሬንጅ ያበላሸው አይደለም። ሬንጁን እናስለቅቅ ብለን እኛው ያበላሸነው ነው። ሬንጅ ቀለም ላይ አንድ ሳምንት ቢቀመጥ የከፋ ነገር አያደርስም። ቢላዋ ግን በአንድ ጊዜ ያደርሳል፤ ቲነር ደግሞ በደቂቃ።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከድሮው የበለጠ ሊያሳስበን የሚገባበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ነው። ገበያ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ደግሞ ይታወቃል፦ «ቀለሙ ኦሪጅናል ነው? ስቱኮ አለው?» በጣቱ በሩን ያንኳኳል፣ ጎንበስ ብሎ በብርሃን ያያል። እዚያ ላይ የተፋቀ ቦታ ካገኘ ዋጋው ወረደ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ሬንጁ እንምጣ። ሬንጅ ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ቤንዚኑ፣ ነጭ ጋዙና ናፍጣው በየተራ ተንነው ከወጡ በኋላ ከታች የሚቀረው ጥቁርና ወፍራም ዝቃጭ ነው። የነዳጅ ሥጋ ዘመድ ነው እንጂ ከውሃ ጋር ዝምድና የለውም። በውሃና በኦሞ ብቻ ቀኑን ሙሉ ብትፈትጉት የማይነቃነቀውም ለዚህ ነው። መንገድ ሲሠራ ወይም ሲጠገን፣ አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት ጠጠሩ ላይ ቀጭን ሬንጅ ይረጫል። የመንገድ ሠራተኞች ኤምሲ 30 ይሉታል። ይህ በነጭ ጋዝ የቀጠነ ሬንጅ ነው። ነጭ ጋዙ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ መንገዱ እርጥብ ነው። በዚያ ላይ የቸኮለ ሹፌር ሲያልፍ ጎማው ሬንጁን ከነጠጠሩ እያነሳ በሮቹ ሥርና ፓራፋንጎው ላይ ይረጨዋል። ከዚያ ነጭ ጋዙ ከቦዲው ላይም ይተንና ሬንጁ ብቻውን ደርቆ ይቀራል።

መንገድ በማይሠራበት ጊዜም ቢሆን ሬንጅ ይነካናል፤ እኛ ቆላ ነን። እዚህ አባያ ሐይቅ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ የቀትር ፀሐይ ምን እንደሚያደርግ ነጋሪ አያሻችሁም። ለመንገድ የሚውለው የተለመደው ሬንጅ ከ45 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መላላት ይጀምራል። ፀሐይ የዋለበት ጥቁር አስፋልት ደግሞ ይህን ሙቀት በቀላሉ ያልፈዋል። ቀትር ላይ የተጠገነ ቦታ ስታልፉ ጎማው ቸስ ቸስ የሚለው ሬንጁ ስለላላ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ፍጥነት ቀንሱ። ዝግ ብሎ የሚሄድ ጎማ ብዙ አይረጭም፤ ከሁሉ የረከሰው መከላከያ ይኸው ነው። የባጃጅ ልጆች ደግሞ ልብ በሉ፦ ጎማችሁ ትንሽ፣ ቦዲያችሁም ለመሬት የቀረበ ስለሆነ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀባው የእናንተ ነው።

የጎማው ጥቁር ጭረት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰዎች ከሬንጅ ጋር ሲያምታቱት አያለሁ። ጎማ በጥንቱ ሙቀት የሚያቀልጠው፣ ብርድ የሚያደርቀው ሙጫ ነበር። በ1839 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ከድኝ ጋር ሲያሞቀው ጠንካራና የማይቀልጥ መሆኑን ደረሰበት። የዛሬ ጎማ ሁሉ በዚሁ መንገድ የጠነከረ ነው፤ ጥቁረቱን የሚሰጠው ደግሞ ውስጡ የሚጨመረው የካርቦን ጥላሸት ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ሬንጅ በነጭ ጋዝ ይሟሟል፣ ጎማ ግን አይሟሟም። ትንሽ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በጨርቅ ይነሳል። ስለዚህ የሌላ መኪና ጎማ የላሰው በር ላይ «ለምን አልሟሟም» ብሎ መድኃኒቱን እያጠነከሩ መሄድ ከንቱ ነው። ጊዜ መስጠትና በለስላሳ መጥረግ እንጂ ኃይል አያስፈልገውም።

ቀለሙንም እንወቀው። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ብረቱ ላይ አንቲራስት አለ፤ ከዚያ በላይ ማለስለሻው፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክሊር የምንለው ብርጭቆ የመሰለ ሽፋን። ይህ ሁሉ ተደራርቦ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ አንድ ሚሊሜትር 1,000 ማይክሮን ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከራሳችሁ ላይ የምትነቅሉት አንድ ፀጉር ከእሱ ይወፍራል። ፀሐይን የሚችለውና ቀለሙን የሚጠብቀው ይህ ስስ ነገር ነው። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ አንድ ጊዜ የፈተጋችሁት ክሊር ተመልሶ አይበቅልም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ የላቫጆ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ሥራው በጥላ ሥር ይሁን፣ ቦዲውም ይቀዝቅዝ። ከሁሉ የሚመረጠው ሰዓት ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ላይ የፈሰሰ መድኃኒት ሥራውን ሳይሠራ ይደርቃል፣ ሬንጁም ይላላና ይበልጥ ይሰራጫል፤ አንዷ ነጥብ መዳፍ ታክላለች። ቀጥሎ መኪናውን በደንብ እጠቡት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የእኛ አገር አቧራና ደለል አሸዋ አለበት። አሸዋ ያለበት ቦዲ ላይ ጨርቅ ብትገፉ ክሊሩን እየፋቃችሁ ነው። ብዙ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያ በሳሙና በስፖንጅ እጠቡ፣ አለቅልቁ። ስፖንጁ መሬት ከወደቀ ሳይታጠብ ወደ መኪናው አይመለስ። ሁለት ባልዲ ያዙ፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የማለቅለቂያ።

ከዚያ መድኃኒቱ ይመጣል። ቀላሉን አስቀድሙ። ሬንጁ ትኩስና ጥቂት ከሆነ የምግብ ዘይት ይበቃዋል፦ ጥጥ ወይም አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ዘይት አስነክታችሁ ነጥቧ ላይ ለጥፉና ሩብ ሰዓት ተዉት። ቀስ ይላል፣ ዘይትም ተወዷል፤ ነገር ግን ቀለም አይጎዳም፣ እንደ ነዳጅም በቀላሉ አይቀጣጠልም። ያልለቀቀው በነጭ ጋዝ፣ ላምባ በምትሉት፣ ይለቃል። በስፔርፓርት ሱቅ በቆርቆሮ የሚሸጡ የሬንጅ ማስለቀቂያዎች ብዙዎቹ ከዚሁ ከነጭ ጋዝ ዘር የተሠሩ ናቸው። ከመጀመራችሁ በፊት ግን የማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በሩ ተከፍቶ ከውስጥ በኩል፣ በጨርቅ ነካ አድርጋችሁ ሞክሩ። ጨርቁ ላይ የመኪናው ቀለም ከወጣ መኪናው በአሮጌ ዓይነት ቀለም ተቀብቷል ወይም ቀለሙ አልጠነከረም ማለት ነው፤ ነጭ ጋዙን ተዉትና በዘይትና በሳሙና ብቻ ሥሩ። አዲስ የተቀባ መኪና ቢያንስ ለ1 ወር በነጭ ጋዝ መነካት የለበትም።

አጠራረጉ ላይ ልቆይ፣ ጥበቡ ያለው እዚህ ነውና። ነጭ ጋዙን ቦዲው ላይ አታፍስሱ፤ ጨርቁን አርጥቡት። የረጠበውን ጨርቅ ሬንጁ ላይ አስቀምጡና አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ አትፈትጉ። ጨርቁን ስታነሱ ሬንጁ ወደ ቡናማ ቀልጦ ሲፈስስ ታያላችሁ። ያኔ ከዳር ወደ መሐል፣ ሳትጫኑ፣ አንድ ጊዜ ጠረግ አድርጉ። ጨርቁን ወዲያው እጠፉና በንጹሕ ገጹ ቀጥሉ። ሬንጅ የያዘ ገጽ ተመልሶ ቦዲውን ከነካ ጠጠሩንም ይዞ ነው፤ ያንኑ ሬንጅ ሌላ ቦታ መቀባትም ነው። ወፍራም ጉብታ ከሆነ ደጋግማችሁ አርጥቡት። ሲላላ በአሮጌ የስልክ ካርድ ወይም በስስ እንጨት ገፋ ብታደርጉት ይነሳል። ቢላዋ፣ ምላጭ፣ ካቻቢቴ፣ የእቃ ማጠቢያ ሽቦ ግን ከመኪናው ይራቁ። ሲያልቅ ቦታውን በሳሙና ሁለት ጊዜ እጠቡ፤ የቀረ የነጭ ጋዝ ቅባት አቧራ ይይዛል፣ የበሩን ጎሚኒም ያሳብጣል። ካደረቃችሁ በኋላ ሰም ካላችሁ ቀቡት። ሰም ያለው ቀለም ላይ የሚቀጥለው ሬንጅ እንደ በፊቱ አይጠነክርም።

የጎማ ጭረቱንም በዚሁ መንገድ ሥሩት፤ ቀሪው ጥላ በፖሊሽ ይወጣል። ፖሊሽ ግን ክሊር እየቀነሰ የሚሠራ ነገር ስለሆነ አታዘውትሩት። ጭረቱ ላይ ጥፍራችሁን ሳብ አድርጉ። ጥፍር ከያዘ ከሥሩ እውነተኛ ቁስል አለ ማለት ነው፤ ያን በፖሊሽ ማሳደድ ክሊሩን መጨረስ ነው፤ ለቀለም ባለሙያ ተዉት።

ነጭ ቀለም ያላችሁ፣ የብዙ ኢሱዙና ሚኒባስ ቀለም ነጭ ነውና፣ ሬንጁን ለወራት አታቆዩ። የሬንጁ ቅባት በሙቀት ወደ ቀለሙ እየሰረገ ቢጫ ጥላ ይተዋል፤ ያ ጥላ ደግሞ ሬንጁ ከለቀቀ በኋላም ይቆያል። የሙዝ መኪና ያላችሁም ከሬንጁ ጎን የሙዙን ጭማቂ አትርሱ። እሱ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ ሰው ሬንጅ መስሎት ነጭ ጋዝ ይቀባዋል፣ ምንም አይሆንም። የሙዝ ጭማቂ ገና እርጥብ ሳለ በውሃ ነው የሚታጠበው፤ ጭነቱ እንዳለቀ ጎኑን ማለቅለቅ ይበቃል።

ቲነርን ለብቻው አነሳዋለሁ፣ በየጋራዡ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነውና። ቲነር የተሠራው ቀለም ለማቅጠን ነው። ሬንጁን በደቂቃ ያነሳል፣ ከሥሩ ያለውንም ቀለም ያላላል። ናይትሮ የሚባለውን አሮጌ ዓይነት ቀለም የተቀባ መኪና ላይማ ቀለሙን ወደ ጨርቁ ያዞረዋል። የፊት መብራት ላይ ካረፈ የባሰ ነው፤ የዛሬ መብራት መስታወት ሳይሆን ፕላስቲክ ስለሆነ በቲነርም በቤንዚንም ሸረሪት ድር እየመሰለ ይሰነጣጠቃል። የባጃጅ ሸራንና የበር ጎሚኒንም ይጎዳል። ቲነር የቀለም ቀቢው ዕቃ ነው፤ ለእሱ እንተውለት።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልግባ። ቤንዚን ሬንጅ ያስለቅቃል፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ብዙዎቻችሁም ታደርጉታላችሁ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይወጣም፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ላቫጆው ጥግ ላይ ደግሞ ቡና የምታፈላ እህት ከሰሏን አያይዛ ተቀምጣለች። ሹፌሩም ሲጠብቅ ሲጋራ ይለኩሳል። ቤንዚኑ ከከሰሉ ራቅ ያለ ስለመሰላችሁ አትረጋጉ፤ ትነቱ እሳቱን ፍለጋ ይሄዳል፣ ሲያገኘው ደግሞ ነበልባሉ ጨርቁን ወደያዘው እጅ ተመልሶ ይመጣል። ቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዚን (benzene) የተሰኘው ኬሚካል ደግሞ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ ከታወቀ ቆይቷል፤ በቆዳም በትንፋሽም ይገባል። ስለዚህ ቤንዚን ለሬንጅ፣ በፍጹም።

ነጭ ጋዝ የተሻለ ነው ስል እሳት አይፈራም ማለቴ አይደለም። ነጭ ጋዝ የሚቀጣጠል ትነት መስጠት የሚጀምረው 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ኮፈን ደግሞ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በላንቴ ቀትር የሞቀ ቦዲ ላይ ነጭ ጋዝ ያፈሰሰ ሰው በእጁ ያለው ከቤንዚን ብዙ የማይሻል ነገር ነው። ጥላና ጠዋት ያልኩት ለቀለሙ ብቻ አልነበረም። ሞተሩ ይጥፋ፣ ከሰሉ ይራቅ፣ የረጠበው ጨርቅ ከሥራ በኋላ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ እንጂ መኪና ውስጥ አይወተፍ።

እናቶች፣ ይህን ደግሞ እናንተ ያዙልኝ። ነጭ ጋዝና ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ አይቀመጥ። ነጭ ጋዝ ውሃ ይመስላል፤ የሞቀው ሕፃን ሃይላንድ ሲያይ የሚያስበው ውሃ ነው። አንድ ጉንጭ ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባ ያቃጥላል። ሕፃን ጠጥቶ ከተገኘ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲያስመልስ ነው ወደ ሳንባው የሚገባው። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሩጡ። ልጆች፣ እናንተም በጎማ ቱቦ በአፋችሁ ስባችሁ ነዳጅ ማውጣቱን ተዉ፤ አደጋው ያው ነው።

የመጨረሻው ውሃው ነው። መኪና ወንዝ ዳር ወይም ቦይ ዳር አቁሞ ማጠብ በአገራችን በሙሉ የተለመደ ነው። የሐሬ ወንዝ አባያ ይገባል፣ ኩልፎ ጫሞ ይገባል። ከሁለቱ ሐይቆች ዓሣ እንበላለን፣ በወንዞቹ ሙዝ እናጠጣለን። ሬንጅ የያዘ ነጭ ጋዝ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሳሙናው በትኖት ከቦይ ቦይ ይዞት ይሄዳል። ይህን የሚከለክል ሕግም አለን፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ከሕጉ በፊት የራሳችን ማሳ ነው። ሬንጅ የማስለቀቁ ሥራ ከቦይ ርቆ ይሁን። ቆሻሻው ጨርቅ ከደረቀ በኋላ በማዳበሪያ ከረጢት ይጠራቀም፣ የተረፈው ነጭ ጋዝ ክዳን ባለው ጀሪካን ይመለስ።

ንግግሬን በአንድ ጥያቄ ልዝጋ፤ ጥያቄው ለመኪና ባለቤቶች ነው። የላቫጆ ልጅ የሚከፈለው ባጠበው መኪና ቁጥር ነው። ቀጣዩ ደንበኛ ቆሞ እያየው፣ ለአንድ እጥበት ዋጋ ግማሽ ሰዓት ሬንጅ ላይ ጨርቅ ይዞ እንዲጠብቅ ልትጠይቁት አትችሉም። ቲነርና ቢላዋ የሚያነሳው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ ስለሚቸኩል ነው። ስለዚህ ባለቤቶችና የላቫጆ ማኅበራት ተቀመጡና የሬንጅ ማስለቀቂያ ዋጋ ከእጥበቱ ለብቻው ቁረጡ። ለሚያጠፋው ጊዜ ይከፈለው፣ ጥላ ይዘጋጅለት፣ ነጭ ጋዙን ባለቤቱ ይግዛ። ይህን ከዚህ ሳትበተኑ ብትነጋገሩበት ደስ ይለኛል።